ባሌ በመርከብ እንሂድ ይላል፣ እኔ ደግሞ ውሃ እፈራለሁ

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የሄዳችሁ ሰዎች ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የተጋባነው በጥር ስለሆነ ለ10ኛ ዓመታችን ባለቤቴ በመርከብ ካልሄድን ብሎ ተነስቷል። ልጆቹን እናቴ ትይዝልናለች። ማታ ማታ የመርከቡን ፎቶ እያሳየኝ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስትገባ እናያለን፣ የሐበሻ ቀሚስሽን ለብሰሽ እራት እንወርዳለን፣ ስልክ የለ፣ ሥራ የለ ይለኛል። ሁለታችንም በፈረቃ ነው የምንሠራው። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ ነው የምንተላለፈው። ስለዚህ ነገሩን እኔም ከልቤ እፈልገዋለሁ።

ችግሩ ውሃው ነው። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ልጅ ሆኜ በክረምት አክስቴ አዝላኝ ቦርከናን ስንሻገር ደራሽ ውሃ መጣብን። ወገቧ ላይ ሲደርስ የታዘልኩበት ነጠላ ረጥቦ ከበደ፣ እኔም አንድ ሰው እግሬን ይዞ ወደ ታች እንደሚጎትተኝ ነበር የተሰማኝ። ማዶ የነበሩ ሰዎች ዱላ ዘርግተው አወጡን። ክፉ ነገር አልደረሰብንም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ድልድይ በመኪና ስንሻገር ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ልጆቼ ዋና ሲማሩ ከመስታወቱ ውጭ ሆኜ ነው የምጠብቃቸው።

ባሌ ውሃ እንደማልወድ ያውቃል፣ ይህን ያህል መሆኑን ግን አያውቅም። እንደኔ የሚፈራ ሰው መርከብ ላይ ወጥቶ ደስ ብሎት የተመለሰ አለ? ወይስ ቢቀርብኝ ይሻላል? ከባልቲሞር የሚነሳም ከማያሚ የሚነሳም አይቷል። የቱ ይሻላል?

ጉዞ ወዳድ፦

እህቴ፣ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ በሰላም አደረሳችሁ። እኔና ባለቤቴ ክሩዝ እንወዳለን፣ የእሷም ፍርሃት ቀላል አልነበረም፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጥሩው ነገር። ጥር ላይ ከሆነ ስለ ሀሪኬን፣ ስለ ከባዱ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ አታስቢ። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከባልቲሞር የሚነሳው ለእናንተ ቅርብ ነው፣ መኪናችሁን አቁማችሁ ትገባላችሁ፣ የአውሮፕላን ወጪ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታትም በቼሳፒክ ውስጥ ስለሚጓዝ ግራና ቀኝ መሬት እያየሽ ትለምጃለሽ። ከዚያ በኋላ ግን በዊንተር ኖርዝ ካሮላይና ጋ፣ ኬፕ ሃተራስ የሚባለው አካባቢ፣ ባሕሩ ይናወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ አልመርጠውም። ከማያሚ ወደ ባሃማስ ያለው አጭር ነው። ማታ ተነስተሽ ጠዋት የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ትደርሻለሽ። የሦስት ወይም የአራት ሌሊቱን ያዙ፣ የሰባቱን ለሌላ ጊዜ።

ክፍል ስትመርጡ ከመርከቡ መሃል፣ በጣም ከፍ ካላለው ፎቅ ውሰዱ። የሚወዛወዘው ፊቱና ኋላው፣ እንዲሁም ላይኛው ፎቅ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ከውሃ በታች በጎንና በጎን እንደ ክንፍ የሚዘረጋ ነገር አላቸው፣ መወዛወዙን የሚቀንሰው እሱ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ርካሽ ነው፣ ግን አንቺን አልመክርሽም። የሚያጥወለውለው ጆሮሽ እንቅስቃሴውን እየሰማ ዓይንሽ ግን የቆመ ግድግዳ ሲያይ ነው። በረንዳ ካለሽ ሲያስጠላሽ መጋረጃውን ትዘጊያለሽ፣ ሲሻልሽ ትከፍችና ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ታያለሽ። ዝንጅብል ያዢ። ሜክሊዚን የሚባለው የማጥወልወል መድኃኒት ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ እንቅልፍ ግን ያመጣል። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበት አይሆንም። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ምንም አትውሰጂ።

ስለ መስጠም የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰመጠ በኋላ በ1914 ሶላስ የሚባል በባሕር ላይ የሰው ሕይወት እንዲጠበቅ የሚያዝ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወጣ። ዛሬ እንዲህ ያለ መርከብ ለተሳፋሪውም ለሠራተኛውም የሚበቃ ነፍስ አድን ጀልባና ታንኳ፣ ከዚያም በላይ ትርፍ መያዝ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የሚባል የክሩዝ መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ድንጋይ ገጭቶ ሲገለበጥ 32 ሰው ሞተ። ያን ቀን ከተሳፈሩት ውስጥ የአደጋ ልምምዱን ገና ያላደረጉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠና አሁን ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ይደረጋል። ብዙ ሰው ቶሎ ጨርሶ ቡፌው ጋ ለመሄድ ይቸኩላል። አንቺ ግን ረጋ በይና መሰብሰቢያሽ የት እንደሆነ በእግርሽ ሄደሽ እይው፣ ላይፍ ጃኬቱን ልበሽው። ባለቤቴን ከሁሉም በላይ ያረጋጋት እሱ ነው።

ባልሽ ያለው ስለ ፀሐይ መግባት እውነት ነው። መርከቡ ዳር ቆማችሁ ነፋሱ ነጠላሽን ሲያነሳው፣ ወሬ የሚያቋርጥ ሰው በሌለበት፣ በዓመት ውስጥ ያላወራችሁትን ታወራላችሁ። ዋና ባትችይም ግድ የለም። ማንም ውሃ ውስጥ ግቢ አይልሽም።

የዋና አሰልጣኝ፦

ከላይ ያለው ወንድሜ ብዙ ጠቃሚ ነገር ብሏል፣ የመጨረሻዋን ግን አልቀበላትም። ለመርከቡ ዋና አያስፈልግም፣ ልክ ነው። ለእህታችን ግን ያስፈልጋታል፣ ምክንያቱም የምትፈራው መርከብ ሳይሆን ያንን ወንዝ ነው።

እኔ አዋቂዎችን ነው የማስተምረው፣ ብዙዎቹም ሐበሾች ናቸው። አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሹን መያዝ ነው። ከዚያ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ጀርባው ይገተራል፣ እግሩ ወደ ታች ይሄዳል፣ ልሰጥም ነው ይላል። ሳንባ አየር ሲይዝ ሰውነት ይንሳፈፋል፣ በጀርባሽ ተኝተሽ ጆሮሽ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ጭንቅላትሽን ስትለቂው ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ደረጃው ላይ መቀመጥ ብቻ። ቀጥሎ ደረት ድረስ ቆሞ ግድግዳውን ይዞ መራመድ። ከዚያ አፍን ውሃ ውስጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ አረፋው ሲወጣ ማየት። አንዳንዷ እዚህ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔም እጠብቃታለሁ፣ አልቸኩልም።

የካውንቲ ገንዳዎች ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣሉ፣ ለሴቶች ብቻ ሰዓት ያላቸውም አሉ። ስትመዘገቢ ውሃ እንደምትፈሪ ገና ከመጀመሪያው ለአሰልጣኙ ንገሪው። ግቢ ግቢ እያለ የሚገፋሽ ከሆነ ለውጪው። እስከ ጥር ጊዜ አለሽ። ልብሽ እጅግ የሚመታ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ደግሞ በዚህ ላይ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ፣ ማየቱ አይከፋም።

ስቶክሆልም፦

እኔ የመጣሁት በሊቢያ ነው። ሜዲትራኒያንን የተሻገርኩት በላስቲክ ጀልባ ነው። ከዚህ በላይ አልተርክም፣ የሄደበት ያውቀዋል።

እዚህ ስዊድን ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ የሚሄድ የሌሊት መርከብ አለ። ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ሌሊት ኦላንድ ደሴት ላይ ቆም ይላል፣ ጠዋት ፊንላንድ ነሽ። እዚህ ያለ ሐበሻ ልደቱንም ጫጉላውንም እዚያ ላይ ነው የሚያከብረው። ሚስቴ እንሂድ ስትል ለረጅም ጊዜ ሰበብ እየፈለግሁ ቆየሁ። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ እሷ ከእሷ ጋር መሄድ የማልፈልግ ይመስላት ነበር።

ከነገርኳት በኋላ እሷ ራሷ እንተወው አለች፣ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። መርከቡ ከስቶክሆልም ሲወጣ ለብዙ ሰዓት በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ደሴቶች መሃል ነው የሚሄደው፣ ቤቶቹና ዛፎቹ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪያቸው ያህል ቅርብ ናቸው። ያኔ ደህና ነበርኩ። ሲጨልምና ደሴቶቹ ሲያልቁ ላብ አጠመቀኝ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አልጋው ላይ ይሰማል፣ እኔ ደግሞ ሞተር ዝም ሲል ምን እንደሚሆን የማውቅ ሰው ነኝ። እሷ ምንም ሳትል ኮቴን አለበሰችኝና ብዙ ሰው ወዳለበት፣ ሙዚቃ ወዳለበት ፎቅ ወሰደችኝ። እስኪነጋ እዚያ ተቀመጥን። ጠዋት ቡና ይዘን ውጭ ቆመን ሄልሲንኪ ስትመጣ አየናት፣ እጄን አልለቀቀችውም። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ከእሷ ጋር ያደርኩት ያ ሌሊት ከየትኛውም ሆቴል ይበልጥብኛል።

እህቴ፣ ዋናውም ክፍሉም ጥሩ ነው፣ ከሁሉ በፊት ግን ቦርከናን ለባልሽ ንገሪው። ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት። ከነገርሽው በኋላ አልሄድም ብትዪም መብትሽ ነው።

ጣናው፦

ባሕር ዳር ጀልባ ነው የምሠራው። ስለ ትልቅ መርከብ አላውቅም፣ ስለሚፈራ ሰው ግን አውቃለሁ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምንወስዳቸው ብዙዎቹ ውሃ ላይ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። የሚፈራ ሰው ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ብረቱን ጨብጦ ከሥሩ ያለውን ውሃ ያያል፣ በዚያው ይብስበታል። እኔ ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፣ የጀልባው ፊት ነው የሚዘለው። ማዶ ያለውን ዛፍ እያየ ያውራኝ። የጠዋቱን እመርጥለታለሁ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። አንድ ሌላ ነገር፣ አብሮት ያለው ሰው ከሳቀበት አለቀ። ስለዚህ ባልሽ እንዳይስቅ ብቻ።

የቦርከና ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስቶክሆልም፣ ወንድሜ፣ ያንተን ሳነብ አለቀስኩ። ትናንት ማታ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። የአክስቴን ነጠላ፣ ዱላውን፣ ሁሉንም። አልሳቀም። የድልድዩ ነገር ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ አለኝ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሰባት ቀኑን ፎቶ አጠፋው። የሠርጋችን ቀን መርከብ ላይ ባይሆንም ምንም አይደል አለ።

እኔ ግን የሦስት ሌሊቱን፣ ከማያሚ፣ ከመሃል፣ በረንዳ ያለውን እሞክራለሁ ብዬዋለሁ። ገንዳም ተመዝግቤያለሁ፣ የሴቶች ሰዓት አግኝቻለሁ፣ የሚጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ደረጃው ላይ ከመቀመጥ እጀምራለሁ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ እሱ ዜጋ ነው፣ ፓስፖርቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ምን ይዘን ነው የምንሄደው?

ጉዞ ወዳድ፦

ለእሱ፣ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ መርከብ ከሆነ ዜጋ የዜግነት ሰርተፊኬቱንና መታወቂያውን ይዞ መግባት ይችላል። ግን ፓስፖርቱን ያሳድስ። ናሶ ላይ ብትታመሙ ወይም መርከቡ ትቷችሁ ቢሄድ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት የግድ ነው። አንቺ ግሪን ካርድሽንም ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽንም ያዢ። የምትቆሙበት አገር ሁሉ የየራሱ የቪዛ ሕግ ስላለው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መርከብ ድርጅቱ ጋ ደውላችሁ የምትቆሙበትን ወደብ ሁሉ በስም እየጠራችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ወረቀት ጎደለ ተብሎ ከወደብ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ፣ ብሩም አልተመለሰለትም።