ልጃችን በሁለታችን መካከል ተጨንቃ ይሆን?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ወዲህ የ8 ዓመት ልጃችን ቅዳሜና እሑድን ከአባቷ ጋር ታሳልፋለች። ስትመለስ እንዴት እንደዋለች ብጠይቃት አቀርቅራ «ምንም» ትላለች፤ አባቷ የገዛላትን ጫማ እንኳ ከቦርሳዋ ሥር ደብቃው አገኘሁት። ከሁለት አንዳችንን ለመምረጥ የተገደደች መስሏት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጫማውን መደበቋ ከአባቷ ጋር መደሰቷ አንቺን የሚያስከፋሽ እንደመሰላት ይጠቁማል። ማንም በግልጽ «ምረጪ» ባይላትም፣ የአባቷ ስም ሲነሣ የሚለዋወጥ ፊት፣ «እዚያ ቤት ማን ነበር?» የሚል ምርመራ ወይም «ቀለብ እንዲልክ ንገሪው» የሚል መልእክት ልጅን ለማስጨነቅ ይበቃል። የቀለቡን ነገር ራስሽ ጻፊለት፤ ጫማውንም አድንቂላት።

ሁለተኛ መልስ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113፣ ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ብቻ ሳይሆን ልጆችና ወላጆች ስለሚጠያየቁበት መብትም እንዲወስን ያዝዛል። ስለዚህ ቀለብ ዘገየ ብሎ ልጅን ከአባት መከልከል፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ልማድ ነውና፣ የልጁን መብት መንካት ነው። ያልተከፈለ ቀለብ በአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንዲፈጸም በሚቀርብ አቤቱታ፣ ይጠየቃል።

ሦስተኛ መልስ፦ ልጄ፣ ለሽምግልና ስንቀመጥ ልጅን መካከል አቁመን «እናትህን ነው አባትህን የምትወደው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ዘመዶችሽ ይህን እንዳይጠይቋት አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የአባቷንም ወገን እንዲሁ አደራ በይ።