ጆን ዲፈንቤከርን ለሥልጣን ያበቃው ጥብቅናው ነውን?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
በደብረ ማርቆስ በጥብቅና የምሠራ ስሆን፣ ከችሎት ወደ ፖለቲካ የተሻገሩ ሰዎችን ታሪክ እያነበብሁ ነው። ካናዳዊው ጆን ዲፈንቤከር እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1938 ለፌዴራሉ ምክር ቤት፣ ለሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ምክር ቤትና ለፕሪንስ አልበርት ከንቲባነት ተወዳድሮ 5 ጊዜ ተሸንፏል። የምክር ቤት ወንበር ያገኘው በ1940 ሲሆን በ1957 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ለዚህ ያበቃው ሙያው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?

መልስ 1 (ከባሕር ዳር)፦
ሙያው ነው እላለሁ። በ1919 ዋካው በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሮ ከፍቶ፣ ኋላም ወደ ፕሪንስ አልበርት ተዛውሮ በወንጀል ተከላካይነት ስም አተረፈ። ከሁሉ የሚጠቀሰው የ1951ዱ ክርክር ነው። በኅዳር 1950 ወደ ኮርያ የሚዘምቱ ወታደሮችን የጫነ ባቡር ከሌላ ባቡር ተጋጭቶ 21 ሰዎች ሲሞቱ፣ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ቃላት ዘልሏል የተባለ አንድ ወጣት የቴሌግራፍ ሠራተኛ ተከሰሰ። ዲፈንቤከር አደጋው የደረሰበት ክፍለ ሀገር የጥብቅና ፈቃድ ስላልነበረው፣ በዚያን ጊዜ የምክር ቤት አባል ሆኖ ሳለ ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ አወጣ፤ መልእክቱ በመስመሩ ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል አስረድቶ፣ ወታደሮቹ በእንጨት ፉርጎ መጫናቸውንም ደጋግሞ አንሥቶ ልጁን በነጻ አስለቀቀ። ጉዳዩን እንዲይዝ የለመነችው በሞት አፋፍ ላይ የነበረች ባለቤቱ ነበረች።

መልስ 2 (ከቢቸና)፦
ወንድሜ የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ነው። እኛ አገር በ«በላ ልበልሃ» ሙግት የሚረታ ሁሉ አገር ማስተዳደር ይችላል ማለት አልነበረም። የ1957ቱ ድል የተቀናቃኙ ፓርቲ ሰዎች፣ ሊበራሎች፣ ከ1935 ጀምሮ ሳያቋርጡ ስለ ገዙና በ1956 ስለ ጋዝ ቧንቧ ግንባታ በምክር ቤት የተነሣውን ክርክር በጉልበት ስለ ዘጉ ሕዝቡ በመሰልቸቱም ጭምር የመጣ ነው። በ1958 ከ265 ወንበሮች 208 ያገኘ ሰው በ1962 ወደ 116 ወረደ። የኑክሌር አረር ይምጣ አይምጣ በሚለው ጉዳይ መወሰን አቅቶት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቀ፤ መንግሥቱም በየካቲት 1963 በመተማመኛ ድምፅ ወደቀ። ባላጋራን በመስቀለኛ ጥያቄ ማፋጠጥ የለመደ ሰው የራሱን ሚኒስትሮችም በባላጋራ ዓይን ማየቱ አይቀርም፤ ጉዳቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእርሱ መንግሥት የወጣውን የ1960ውን የመብቶች ሕግ ግን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

መልስ 3 (ከባሕር ዳር)፦
የጠበቃነቱ ትልቁ ፍሬ እርሱ ነው፤ በዚያው ዓመት ቀደምት ነዋሪዎች በሕግ የታወቀ ማንነታቸውን ሳያጡ በፌዴራል ምርጫ እንዲመርጡ መፈቀዱም አብሮ ሊታይ ይገባል። ሕጉ ተራ አዋጅ በመሆኑ ክፍላተ ሀገሩን አያስገድድም ነበር፤ በሕገ መንግሥት የታሰረው የመብቶች ቻርተር የመጣው በ1982 ነው። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 በድራይቦንስ ጉዳይ፣ ቀደምት ነዋሪዎችን ብቻ በስካር የሚቀጣውን ድንጋጌ በዚሁ አዋጅ መሠረት ውድቅ አድርጓል። በጥብቅና የሚሠሩ ከሆነ ከዲፈንቤከር የምርጫ ታሪክ ይልቅ ይህን ውሳኔ አስቀድመው ቢያነቡ ይበልጥ ይጠቀማሉ።