ከወሊድ በኋላ ወደ ማራቶን ልምምድ መመለስ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር፣ በሩጫ የማልተዳደር ነገር ግን ከማርገዜ በፊት ማራቶን እስከ መጨረስ የደረስኩ ሯጭ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ያለ ኦፕራሲዮን ከወለድኩ አራት ወር አልፎኛል። ልጄ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው፤ የወሊድ ፈቃዴም አልቆ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ከወሊድ በኋላ ያዩኝ ሐኪም ሁሉም ነገር ደህና መሆኑን ነግረውኛል፤ ስለ ሩጫ ግን ቀስ ብዬ እንድጀምር ከመምከር ያለፈ ዝርዝር አላገኘሁም።

አሁን ሶምሶማ ስሮጥ፣ በተለይም ቁልቁለት ስወርድ፣ ጥቂት ሽንት ያመልጠኛል። እናቴ ደግሞ ሩጫ ወተት ያደርቃል ብለው ይሰጋሉ። ሐሳቤ በሚቀጥለው ዓመት ማራቶን መሮጥ ነው። ሽንት ማምለጡ ሩጫ የሚያስቆም ነውን? ልምምዱንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአንዲት ፊዚዮቴራፒስት

እንኳን ማርያም ማረችዎት። አዎን፣ ለጊዜው ሩጫውን ያቁሙ። ሽንት ማምለጥ በወለዱ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታይ መሆኑ እንደ ተራ ነገር እንዲታለፍ አያደርገውም፤ ብዙ እናቶች «የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት» እየተባሉ ሊታከም የሚችል ችግር ለዓመታት ተሸክመው ሲኖሩ ማየት ያሳዝነኛል። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከታች የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች በእርግዝናና በምጥ ተለጥጠዋል፤ ሩጫ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ወደ መሬት የሚያሳርፍ በመሆኑ፣ ያልጠነከረው ጡንቻ ያንን መቋቋም ሲያቅተው ሽንት ያመልጣል። ቁልቁለት ላይ የሚብሰውም እግር መሬት ሲመታ ጫናው ስለሚጨምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች የወጣው መመሪያ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 12 ሳምንት ሳይሞላ ሩጫ እንዳይጀመር ይመክራል። እርስዎ ይህን ጊዜ አልፈዋል፤ ነገር ግን የሳምንት ቁጥር ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ የሚወስነው ሰውነት የሚያሳየው ምልክት ነው። ያለ ሕመም፣ ያለ ሽንት ማምለጥና በብልት አካባቢ የመክበድ ወይም የሆነ ነገር የመውረድ ስሜት ሳይሰማዎ 30 ደቂቃ በፍጥነት መራመድ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ባሉበት ቦታ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ማድረግ፣ በአንድ እግር 10 ጊዜ መዝለልና በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን 20 ጊዜ ማንሳት ከቻሉ በር ተከፍቷል ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ሽንትና ጋዝ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ስበው፣ ትንፋሽዎን ሳያቋርጡ እስከ 10 ሰከንድ ይያዙት፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ይህን 10 ጊዜ ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩ። መልቀቁ እንደ መያዙ ሁሉ አስፈላጊ ነው። የመክበድ ስሜት ካለ፣ ደም ከታየ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጥ ከሌለ የማህፀን ሐኪም ማየት ግድ ይላል።

መልስ፦ ከአንዲት አዋላጅ ነርስ

እህቴ፣ እናትሽ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ሆኖም መጠነኛ ሩጫ የወተትን መጠን አይቀንስም። ወተት የሚቀንሰው ጡት ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው፤ ምግብ በብርቱ ማነስም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ልጅሽን አጥቢ፤ ጡትሽም ቀልሎ ትሮጫለሽ። ደረትን በደንብ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ልበሺ፤ እንደተመለስሽ ግን አውልቂው፤ ጡትን ለረጅም ጊዜ መጫን ወተቱን ሊያቋጥረው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው የምግብ ማነስን ነው። ማጥባት ብቻውን በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ሩጫው ሲጨመር ፍላጎቱ ከፍ ይላል። በአራስ ቤት የለመድሽውን ገንፎና አጥሚት አሁንም አትተይው። ምጥ ላይ ብዙ ደም የፈሰሰሽ ከሆነ የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንሽንና የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲንሽን አስመርምሪ። የአይረን ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ከቡናና ከሻይ አርቂው፤ ሁለቱም ወደ ደም የሚገባውን አይረን ስለሚቀንሱ፣ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር መውሰዱ ይሻላል። የምትጾሚ ከሆነም ከንስሐ አባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተመካከሪ፤ በማጥባት ወራት አጥንት ለጊዜው ካልሺየም እያጣ ስለሆነ፣ በልምምድ ላይ የምግብ ጉድለት ከተጨመረበት የአጥንት ስንጥቅ ሊያስከትል ይችላል።

መልስ፦ ከአንድ አሠልጣኝ

ፊዚዮቴራፒስቷ የዘረዘሩትን ፈተና ካለፉ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት እያደረጉ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማና ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ይጀምሩ። የሩጫውን ደቂቃ ቀስ በቀስ እያሳደጉ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ እስኪደርሱ ድረስ ስለ ፍጥነትም ሆነ ስለ ዳገት አያስቡ። ይህ ደረጃ ብቻውን ሁለትና ሦስት ወር ቢወስድ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ርቀት ነው፤ ፍጥነት የመጨረሻው ነው። የእንጦጦን ዳገትና ቁልቁለት ለኋላ አቆይተው ሜዳማና አፈር የሆነ መንገድ ይምረጡ። የድሮ ጫማዎንም ይለኩት፤ በእርግዝና እግር ሊሰፋና ሊረዝም ስለሚችል ጠብቦዎት ሊሆን ይችላል።

ሌሊቱን ሕፃኑ ሲያስነሳዎት ካደረ፣ የዕለቱን ሩጫ በእርምጃ ይተኩት። እንቅልፍ ያላገኘ ሰውነት ልምምድ ተጨመረለት ብሎ አይጠነክርም።

ጥያቄ፦ ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ማግኘቷን፣ በ2017 ደግሞ የቺካጎ ማራቶንን ማሸነፏን እያሰብኩ ተስፋ አደርጋለሁ። በኅዳር ታላቁን ሩጫ እንደ መጀመሪያ ደረጃ ብወስደው ይፈቀዳልን?

መልስ፦ ከአሠልጣኙ

የጥሩነሽን ምሳሌ ይያዙት፤ ግን ጊዜውን አብረው ይቁጠሩት፦ በሪዮ የሮጠችው ከወለደች ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ የሲድኒን ወርቅ ያገኘችው በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 የወለደችው እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኒውዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች፤ ሆኖም በመካከሉ በታችኛው ጀርባዋ የአጥንት ስንጥቅ ደርሶባት ልምምዷን አቋርጣ ነበር። እነዚህ አትሌቶች ቀኑን ሙሉ ለልምምድና ለዕረፍት የሚሰጡ፣ አሠልጣኝና ሐኪም ያላቸው ናቸው፤ ከቢሮ ውላ ከምታጠባ እናት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ታላቁን ሩጫ በተመለከተ፣ እስከ ኅዳር 40 ደቂቃ ያለ ምንም ምልክት የሚሮጡ ከሆነ፣ ሰዓት ሳይዙ፣ እርምጃ እያፈራረቁ ይሳተፉ። በማግስቱ ሽንት ማምለጡ ወይም መክበዱ ከተመለሰ ወደ ቀደመው ደረጃ ወርደው ሁለት ሳምንት ይቆዩበት። ማራቶኑን ግን 30 ደቂቃውን ከጨረሱ በኋላ እንጂ አሁን አይመዝገቡበት፤ ከዚያ ጀምሮ ርቀት ለማሳደጊያ ጥቂት ወራት፣ ለማራቶኑ ዝግጅት ደግሞ 16 ሳምንት ያህል ያስፈልግዎታል።