የእናቴ ኮሌስትሮል ወርዷል፤ መድኃኒቱ ይቁም?

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ አንደበቷ ተሳሰረ፤ ሲቲ ስካን ተነሥታ «ደም ረግቶ የመጣ ስትሮክ ነው» ተባልን። አሁን ተመስገን፣ ጀበናውን በግራ እጇ ይዛ ቡና ትቀዳለች። የታዘዘላት አስፕሪን፣ የግፊት መድኃኒትና ኮሌስትሮል የሚያወርደው አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) 142 ነበር፣ ባለፈው ሳምንት 66 ሆነ። ጎረቤቶቻችን «ወረደ አይደል? ጉበቷን ሳይጎዳ አቁሙት፣ ተልባ ይበቃታል» ይላሉ። እሷም አቶርቫስታቲኑን ካቋረጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ይጀምሩ። ያመለጠውን ለማካካስ ግን ሁለት ፍሬ እንዳትሰጫቸው። 66 የሆነው መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነው፤ ሲቋረጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የደም ሥሩ በስብ ጠብቦ ደም የረጋበት ሰው ኤልዲኤሉ ከ70 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ልኩ ላይ ናችሁ። መድኃኒቱ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጋገረው ስብ ድንገት እንዳይሰነጠቅም ያረጋጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ ስፓርክል በተባለ ጥናት፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው አቶርቫስታቲን 80 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 11.2 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፍሬ ለማነጻጸሪያ ከወሰዱት 13.1 በመቶ ስትሮኩ ተመልሶባቸዋል። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ሰው አይሞላም፤ ከሁለቱ አንዷ እናትሽ ቢሆኑ ግን ትንሽ አይባልም። ስትሮኩ ደም ፈስሶ የመጣ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

አባቱን የሚያስታምም (ሆጤ)፦ የእኔም አባት «ድኛለሁ» ብሎ በዓመቱ አቆመ፤ ስትሮኩ ተደገመበት። መድኃኒቱን በማቆሙ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ ግፊቱንም ለወራት አልተለካም ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ፣ ፍሬዋ ስትዋጥ ቀኑን በእስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ያልተሰረዘ ቀን ካለ ቤቱ ሁሉ ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ጭኖቿን ያማታል።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መጠኑን ሊቀንስ ወይም በሌላ ሊቀይረው ይችላል። ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ጉልበት ከከዳቸው ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ይታዩ። ከባድ የጉበት ጉዳት የሚያጋጥመው ከስንት አንድ ነው። ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸው አቶርቫስታቲን እንደሚወስዱ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ሁለቱ አይስማሙም። ተልባውን ይጠጡ፣ ኤልዲኤልን ጥቂት ያወርዳል፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተካም። የረጋውን ዘይትና ቅቤውን ቀንሱ።

ሌላ አባል፦ የጀበና ቡናም ሳይጣራ ስለሚጠጣ በውስጡ ያለው ቅባት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ወሎ ላይ «ቶናና በረካ ይቅር» የሚል ሰው ጠላት ያፈራል፤ እኔ ግን አቦል ላይ አቁሜያለሁ።

ጠያቂ፦ ራት ላይ ሰጠኋት። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፣ የጭኗን ነገር እነግራቸዋለሁ። ቡናውን ግን ማን ይነግራታል?