ወርከርስ ኮምፕና ዲሳቢሊቲ፦ «ሁለት ጊዜ መብላት» ነው እንዴ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «እዚህ አሜሪካ ከወርከርስ ኮምፕም (ሥራ ላይ ለተጎዳ ከሚከፈለው ካሳ) ከሶሻል ሴኩሪቲ ዲሳቢሊቲም (መሥራት ላቃተው መንግሥት ከሚከፍለው) የሚወስድ ሁለት ጊዜ እየበላ ነው፤ መንግሥት ቢቀንስበት ምን ያስለቅሳል?» አለ። ደግሞ ተጨበጨበለት! መጋዘን ውስጥ ወገቡ የተሰበረ ሰው ነው የበላው?

ኮስታራው፦ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ሕጉ በፈረንጅ ከ1965 ጀምሮ አለ። ሁለቱ ተደምረው ከጉዳቱ በፊት ከነበረህ ገቢ 80 በመቶ አይለፉ ነው የሚለው። ቤት ተቀምጠህ ከሚሠራው እኩል ልትወስድ ነው?

ሮማን፦ እስቲ እናስላው። በወር 4,000 ዶላር ታገኝ ነበር እንበል። ጣሪያው 3,200 ነው። ኮምፑ 2,400፣ ዲሳቢሊቲው 1,600። ጣሪያውን በ800 አለፈ። ስለዚህ ከዲሳቢሊቲው 800 ብቻ ይደርስሃል። የቱ ጋ ነው ሁለት ጊዜ የበላው?

ኮስታራው፦ 3,200 ደረሰው አይደል? ኮምፕ ደግሞ ታክስ የለውም።

ሮማን፦ አልሰማህም መሰለኝ። በተቀነሰው ልክ ያለው ኮምፕ ለታክስ ሲሆን እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው የሚቆጠረው። ሊታከስ ይችላል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ታክሱን ተዉት፣ «በላ» ያለውን ይመልስ! ዲሳቢሊቲው ከየደመወዝ ቼኩ ሲቆረጥበት የኖረ ነው። በግሉ የገዛው የዲሳቢሊቲ ኢንሹራንስ ቢኖረው ሳንቲም አይነኩበትም ነበር። ባለገንዘቡ ሲወስድ መብት፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ስትወስድ መብላት?

ኮስታራው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እኮ በ1971 ሕጉን አጽንቶታል። ካልተቀነሰ ማን ወደ ሥራ ይመለሳል?

የአሌክሳንድሪያው፦ በተሰበረ ወገብ?

ሲያትል ነኝ፦ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ የሚቀነሰው ኮምፑ ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲው አይነካም።

ኮስታራው፦ አያችሁ? የትም ብትሄዱ ይቀነሳል!

ሮማን፦ አሌክሳንድሪያ ያለችበት ቨርጂኒያ ግን እንደ ዋሽንግተን ስቴት ልሁን ብትል አትችልም። ኮንግረስ በሩን በ1981 ዘግቶታል። በነገራችን ላይ የኮምፑን ገንዘብ ባንዴ ተቀብላችሁ የምትስማሙ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። የጠበቃና የሕክምና ወጪው ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል። ቀሪው ለስንት ዓመት እንደሚከፋፈልም የስምምነቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ኮስታራው፦ ይኸው፣ ብልጠት ማስተማር ተጀመረ።

ሮማን፦ ሕጉ የፈቀደውን ነው የነገርኳቸው። ሕግ ሕግ ስትል አልነበር?

ሲያትል ነኝ፦ ኮስታራው፣ አንተስ እጅህ የተጎዳ ጊዜ ኮምፕ አልወሰድክም?

ኮስታራው፦ እኔ አንዱን ብቻ ነው የወሰድኩት።

የአሌክሳንድሪያው፦ ዲሳቢሊቲ አመልክተህ ስላልፈቀዱልህ ነዋ!

ኮስታራው፦ እሱን ደግሞ ማን ነገረህ?