በቤት ውስጥ የሚወሰድ የማይግሬን መርፌ፦ ሕመሙ ሲመለስ መድገም ይቻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ማይግሬን ሲነሣብኝ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ወዲያው ስለሚያስመልሰኝ፣ የምውጠው ክኒን ሆዴ ውስጥ አይቆይም። በዚህ ምክንያት ሐኪም 6 ሚሊግራም ሱማትሪፕታን የያዘ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ አዘዘልኝ። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ክኒኑን ውጬ ካስመለስሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ወጋሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ቀለል አለልኝ፤ ነገር ግን ደረቴንና አንገቴን ጨምድዶ የሚይዝ ስሜት መጣብኝና እጅግ ደነገጥሁ። ስሜቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለቀቀኝ። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ሁለተኛውን መርፌ ባነሣም፣ ፈርቼ መልሼ አስቀመጥሁት። መድገም እችል ነበር? የደረቱ ስሜትስ የሚያሳስብ ነው? ዕድሜዬ 46 ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የመድኃኒት ባለሙያ

ዋናው ጉዳይ የደረቱ ስሜት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሱማትሪፕታንን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ደረታቸው፣ አንገታቸው ወይም መንጋጋቸው ሲከብዳቸው ይሰማቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም መነሻው ልብ አይደለም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የደም ሥሮችን የሚያጠብ በመሆኑና የልብ ደም ሥሮችም ከዚህ ነጻ ስላልሆኑ፣ ልብ ነው ወይም አይደለም ብሎ በግምት መወሰን አይገባም። በተለይ እንደ እርስዎ ዕድሜያቸው ከፍ ያለና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የልብ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል፤ አንዳንዶችም የመጀመሪያውን በጤና ተቋም ውስጥ፣ ባለሙያ እያያቸው ይወስዳሉ። ስለዚህ ሐኪምዎን ሳያነጋግሩ ሌላ መርፌ አይውሰዱ። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም አልለቅ የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

ስለ መድገሙ፦ በመጀመሪያው መርፌ ተሽሎ የነበረ ሕመም ከተመለሰ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለተኛውን መውሰድ ይፈቀዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ12 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሁለት መርፌ ማለፍ ክልክል ነው። በሰዓቱ ስሌት ብቻ ቢሆን መድገም ይችሉ ነበር፤ ደረትዎ ላይ ያ ስሜት ከመጣብዎ በኋላ መልሰው ማስቀመጥዎ ግን ትክክል ነው። የመጀመሪያው ጭራሽ ካልረዳ ደግሞ ለዚያው ሕመም ሁለተኛ መጨመር አይመከርም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የሚውጡት ክኒን ስሙ ማን ነው? ኤርጎታሚን የተባለው የማይግሬን መድኃኒት ወይም ሌላ የትሪፕታን ዘር (እንደ ሱማትሪፕታን ያለ) መድኃኒት ከተወሰደ 24 ሰዓት ሳይሞላ ይህን መርፌ መውሰድ አይፈቀድም። ያስመለሱት ክኒን እንዳልወሰዱት አይቆጠርም፤ ከፊሉ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። የልብ ደም ሥር ሕመም ወይም ስትሮክ የነበረበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ማይግሬኑ ግማሽ አካልን የሚያሰንፍ ሰው ከናካቴው ሊወስደው አይገባም።

መልስ፦ መርፌውን ለዓመታት ከተጠቀመ ሰው

ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ በኋላ የሚጠቅምዎትን ልጨምር። መጀመሪያ ስወጋ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መሰሉን መርፌ ቶሎ አነሣሁትና፣ መድኃኒቱ በጭኔ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ወረደ፤ ምን ያህሉ እንደገባ ስላላወቅሁ ሌላ መውሰድም ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ አድርጌ ጫን ካደረግሁት በኋላ መመሪያው እስከሚለው ድረስ በዝግታ ቆጥሬ ነው የማነሣው። አያያዙ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ራስዎን ባላመመዎት ቀን ባለሙያ ፊት ይለማመዱት። የሚወጋው የጭን ወይም የላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን፣ ከቆዳ ሥር ነው፤ ወደ ደም ሥር ፈጽሞ እንዳይገባ። ዓይን ላይ ብልጭታ የሚቀድምዎት ከሆነም ራስ ምታቱ እስኪጀምር ይጠብቁ። የወሰዱበትን ቀን ሁሉ ይመዝግቡ፤ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ በእኔም ደርሶብኛል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄው ከቀረበልኝ በኋላ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቼ ሳነብ ሪዛትሪፕታን ይላል፤ ለካ እሱም የትሪፕታን ዘር ነው፤ ያዘዘልኝም ሌላ ሐኪም ነበር። ዛሬ ሁለቱንም መድኃኒቶች ይዤ ሄጄ ለሐኪሜ አሳየሁት። ለልብ ምርመራ ቀጠሮ ይዞልኝ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ሁለቱንም እንዳልነካ አዘዘኝ፤ እስከዚያው ማስመለሱን የሚያቆምና ከዚህ ዘር ውጭ የሆነ ማስታገሻ ሰጥቶኛል።