ድንች በቺዝ ለ20 ሰው፦ መሃሉ አይበስልም፣ ሶሱም ይለያያል

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው እሁድ ቤተሰቡ እኔ ጋ ይሰበሰባል። ወደ 20 ሰው እንሆናለን፤ ልጆችም አሉ። ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ በኦቨን የሚጋገር ድንች በቺዝ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ልጆቹ በጣም ይወዱታል፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ እምቢ አይሉም።

ችግሬ ሁለት ነው። ላዩ ቀልቶ ሲያምር መሃል ያለው ድንች ገና ጥሬ ነው። ሶሱ ደግሞ ይለያያል። ውሃው ከሥር፣ ቅባቱ ከላይ ይቀራል፤ ቺዙም እንደ አሸዋ ይሻክራል። የምሠራው እንዲህ ነው፦ ድንቹን ልጬ በክብ በክቡ እቆርጣለሁ፣ ፓትራ ላይ እደረድረዋለሁ፣ ወተትና ጎምዛዛ ክሬም ቀላቅዬ አፈስበታለሁ፣ ቺዝ እበትንበትና በ200 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ አስገባዋለሁ።

ደግሞስ ቅዳሜ ሠርቼው ማደር ይችላል? እሁድ ጠዋት ሌላ ብዙ ሥራ አለብኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ 1 (ለግብዣ ምግብ የምትሠራ)

እህቴ፣ ሁለቱም ችግር የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ጥሬ ድንች ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ወተትና ቺዝ ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት ላይ ብዙ መቆየት አይችሉም። አብረሽ ስታስገቢያቸው አንዱ እስኪደርስ ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ፓትራው ውስጥ ከመገናኘታቸው በፊት ድንቹ ለብቻው ቀቀል ይበል፣ ሶሱም ለብቻው ይወፍር። ከዚያ በኋላ የኦቨኑ ሥራ ማዋሃድና ላዩን ማቅላት ብቻ ይሆናል።

ድንቹን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ እኩል እኩል አድርገሽ ቁረጪው። አንዱ ስስ ሌላው ወፍራም ከሆነ ስሱ ሲፈርስ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው ጨምረሽ ጣጂው። ከፈላ በኋላ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የቢላ ጫፍ ሲገባበት ትንሽ ከታገለ ልክ ነው። አጥልይውና እንፋሎቱ እስኪወጣለት ወንፊት ላይ ተዪው። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። ግን በኋላ ከፓትራው ሥር የምታገኚው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ድንቹ ይዞት የገባው ነው።

ሌላው ጎምዛዛ ክሬሙ ነው። ድንች አሲድ ባለበት ነገር ውስጥ ቶሎ አይለሰልስም። ህዋሳቱን አያይዞ የያዘው ፔክቲን በአሲድ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ጥሬ ድንች ላይ ጎምዛዛ ክሬም ስታፈሺበት እንዳይበስል እያገድሽው ነው። ወተቱም ከአሲዱ ጋር ሲሞቅ ይረጋል፤ ያ ነው የሚለያየው። ጣዕሙን ከወደድሽው ሶሱ ወፍሮ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሦስት አራት ማንኪያ ጨምሪበት።

ሶሱ እንግዲህ ቤሻሜል፣ ማለትም በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራው ነጭ ሶስ፣ ይሁን። 33 በ23 ሴንቲሜትር ለሆነ አንድ ፓትራ 1 ኪሎ ተኩል ድንች፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 60 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሊትር ስቡ ያልወጣ ወተትና 300 ግራም ቺዝ ያስፈልግሻል። ቅቤውን በመጠነኛ እሳት አቅልጪው። ዱቄቱን ጨምረሽ ሳይቀላ 2 ደቂቃ አማስይው፤ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ የሚለቀው ያኔ ነው። ለብ ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ በመምቻ ምቺው። በአንዴ ካፈሰስሽው ይጓጉላል። ሁሉም ከገባ በኋላ በዝግ እሳት 5 ደቂቃ ይንተክተክ። የማንኪያውን ጀርባ ከሸፈነ ደርሷል። አውርጂውና 200 ግራሙን ቺዝ በእፍኝ በእፍኝ ጨምሪ። የቀረው ለላዩ ነው። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ጨምሪ፤ ቺዙ ራሱ ጨው አለው። ቁንዶ በርበሬና የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ይስማማዋል። ትንሽ ገውዝ ፈቅፍቀሽ ብትጨምሪ ደግሞ ሶሱ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

መልስ 2

እኔ ስለ ቺዙ ልጨምር። የሚሻክረው ሙቀት ሲበዛበት ነው። ፕሮቲኑ ይኮማተርና የያዘውን ስብና ውሃ ያስወጣል። አንዴ እንዲህ ከሆነ መመለሱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ቺዝ ድስቱ እሳት ላይ እያለ የማይጨመረው። ከወረደ በኋላ የሶሱ ሙቀት ብቻውን ያቀልጠዋል።

ተፈቅፍቆ በላስቲክ የሚሸጠውን ለሶሱ ባትጠቀሚ እመርጣለሁ። እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት ሶሱ ውስጥ እንደ ልብ አይቀልጥም። ሙሉውን ገዝተሽ ራስሽ ፈቅፍቂው። ለላዩ ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ቼዳር ጣዕም አለው። ጎዳ እና ግሩዬር የሚባሉት ቺዞች ጥሩ አድርገው ይቀልጣሉ። ሞዛሬላ ይሳባል እንጂ ብቻውን ብዙም ጣዕም የለውም። እኔ ሁለት እጅ ቼዳር፣ አንድ እጅ ሞዛሬላ አደርጋለሁ። በጣም የቆየ ደረቅ ቺዝ፣ ለምሳሌ ፓርሜዛን፣ ለላዩ ብቻ ነው የሚሆነው። በሎሚ ወይም በሆምጣጤ የረጋ ለስላሳ ቺዝ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ አይቀልጥም። ድንቹ ውስጥ እህል እህል ብሎ ይቀራል።

መልስ 3

ድንቹ በውሃ መቀቀሉ ላይ እኔ አልስማማም። ከውሃው ጋር የሚደፋው ስታርች ሶሱን ያለ ዱቄት ሊያወፍርልሽ የሚችለው ነው። እኔ የቆረጥኩትን ድንች ሳላጥበው በቀጥታ ወተትና ክሬም ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ሁለት እጅ ወተት፣ አንድ እጅ ክሬም። ክሬሙ ጎምዛዛው ሳይሆን ጣፋጩ ነው። በዝግ እሳት 10 ደቂቃ ያህል፣ እንዳይሰባበር ቀስ አድርጌ እያገላበጥኩ አበስለዋለሁ። ወተቱ ራሱ ይወፍራል። ከነወተቱ ፓትራው ላይ እገለብጠውና ቺዝ በትኜበት በ170 ዲግሪ 40 ደቂቃ አስገባዋለሁ። የድንቹ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል፤ ዱቄት ያለው ሶስ ይሸፍነዋል ብዬ ነው የማምነው።

መልስ 1 እንደገና

ያልከው ልክ ነው፣ ጣዕሙ ይበልጣል። ለአንድ ፓትራ እኔም የማደርገው እንደሱ ነው። ግን እህታችን የምታበስለው ለ20 ሰው ነው። ያን ሁሉ ድንች በወተት አንድ ድስት ውስጥ ማገላበጥ ከባድ ነው፤ ሥሩም ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ማሳደር ትፈልጋለች። ዱቄት የገባበት ሶስ አድሮ ሲሞቅ አይለያይም። ዱቄቱ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ለእሁዱ ቤሻሜሉ አያሳፍራትም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ቤሻሜሉን እይዛለሁ። ጎምዛዛ ክሬሙ ድንቹን ያጠነክራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለ20 ሰው ስንት ኪሎ ይበቃል? የድንቹ ዓይነትስ ለውጥ ያመጣል? ያለኝ ፓትራ አንድ ትልቅና ጥልቅ ብረት ነው፤ ሌላው ብርጭቆ ነው።

መልስ 4

ከሌላ ምግብ ጎን የሚቀርብ ከሆነ ለአንድ ሰው 150 ግራም ድንች ይበቃል። ስለዚህ 3 ኪሎ፣ ማለትም የመጀመሪያው መልስ ላይ ያለውን መጠን ሁለት እጥፍ አድርጊ። ዋናው ምግብ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ 250 ግራም እልሽ ነበር።

ግን ሁሉንም በጥልቁ ፓትራ አትሥሪው። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከተከመረ ሙቀቱ መሃል እስኪደርስ ላዩ ያርራል። መጀመሪያ የነገርሽን ችግር ይኸው ነው። በሁለት ፓትራ ከፍለሽ አስገቢው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጨምራል። ግማሽ ላይ የላይኛውን ታች፣ የታችኛውን ላይ አድርጊ።

ድንቹ ሲቀቀል ቅርፁን የሚይዘው ዓይነት ይሁን። የሚፈረፈረው ከተቀቀለ በኋላ ስትደረድሪው ይቦካብሻል፤ እሱ መልስ 3 ላይ ለተባለው አሠራር ነው የሚሆነው። ደግሞ አረንጓዴ የሆነ ቦታ ካለው በደንብ ቆርጠሽ ጣይው። ብዙው አረንጓዴ ከሆነ ድንቹን ሙሉውን ተዪው። እዚያ ውስጥ የሚኖረው ሶላኒን የሚባል መርዝ በሙቀት አይጠፋም፣ ሆድም ያውካል።

መልስ 5 (አያት)

ልጄ፣ ማሳደሩን እኔ ልንገርሽ፤ ቤቴ ሰው ሲበዛ የምሠራው እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ድንቹንም ሶሱንም ሥሪ። ሁለቱም ለብ እስኪሉ ጠብቂ። ከዚያ ደርድሪ፦ ከሥር ትንሽ ሶስ፣ ድንች፣ ሶስ፣ እንደገና ድንች፣ ላዩ በሶስ ይሸፈን። ከሶሱ ወጥቶ የሚያድር ድንች ይጠቁራል። የላዩን ቺዝ ቅዳሜ አትበትኚው። ሸፍነሽ ፍሪጅ አስገቢ። ግን ደርድሬ ውጭ ላቆየው አትበይ። ወተት ያለበት ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የለበትም። ትኩሱንም ከድነሽ አታስገቢው፤ መሃሉ ሳይበርድ ብዙ ይቆያል።

ሶሱ አድሮ ይጠነክራል፤ አትደንግጪ። እሁድ ግማሽ ኩባያ ወተት ዙሪያውን አፍስሺበት። የብርጭቆውን ፓትራ ነገር ግን ጠንቀቅ በይ። ከፍሪጅ አውጥተሽ ትኩስ ኦቨን ውስጥ ብትከቺው ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀደም ብለሽ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የብርጭቆ ዕቃ ግራ ካጋባሽ ሁለተኛ ብረት ፓትራ ተዋሺ፤ እኔ ብሆን እሱን ነው የማደርገው።

ኦቨኑ 180 ዲግሪ ይሁን። 200 በዝቶበታል። በፎይል ሸፍነሽ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉን አንስተሽ ቺዙን በትነሽ 20 ደቂቃ። ለሁለቱ ፓትራ የተባለውን ጭማሪ በሽፋኑ ጊዜ ላይ ጨምሪው። ቢላ መሃሉ ላይ ሰክተሽ ትንሽ አቆይተሽ አውጪ። ያለ ትግል ከገባና ጫፉ በደንብ ትኩስ ከሆነ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ከኦቨን እንደወጣ አትቁረጪው ልጄ። 15 ደቂቃ ይረፍ። እንደወጣ ከቆረጥሽው ሶሱ ሁሉ ይፈስሳል፤ ካረፈ በኋላ ግን ቁራሹ ቅርፁን ይዞ ይነሳልሻል። እንግዶችሽ እስኪቀመጡ እሱም ይደርሳል።

መልስ 6

ላዩ እንዲንኮሻኮሽ ከፈለግሽ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ በትንሽ የቀለጠ ቅቤ ለውሰሽ ከቺዙ ጋር በትኚው። ለልጆች ይህ ዋናው ነገር ነው።

ከቤተሰቡ ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ በዱቄቱ ፋንታ የበቆሎ ስታርች ተጠቀሚ፣ ግማሹን መጠን ብቻ። ስታርቹን በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠሽ የሞቀው ወተት ላይ ጨምሪው። ፍርፋሪውን ደግሞ ከእሱ ፓትራ ላይ ተዪው። ወተት ሆዱን ለሚነፋው ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለው ወተት ሶሱን አያበላሸውም። ቼዳርና ጎዳን የመሳሰሉ የቆዩ ቺዞች ያላቸው ላክቶስም በጣም ጥቂት ነው።

መልስ 7

ኦቨን የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ምናልባት ሌላ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል። ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት በቅቤ ቀብቼ እንደተባለው እደረድራለሁ። ገጥሜ በጣም በዝግ እሳት 30 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። ድንቹ አስቀድሞ ቀቀል ስላለ ይበስላል። ላዩ ግን አይቀላም። የዳቦ ፍርፋሪውን መጥበሻ ላይ በቅቤ አቅልቼ ሲቀርብ እበትንበታለሁ።

ጠያቂዋ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብረት ፓትራ ከጎረቤት እዋሳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከተረፈ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል?

መልስ 5

ፍሪዘር ለድንች አይሆንም ልጄ። ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል፤ ይሻክራልም። ፍሪጅ ውስጥ ግን 3 ቀን በደንብ ይቆያል። ስታሞቂው ማንኪያ ወተት ጨምረሽ፣ ሸፍነሽ፣ መሃሉ በደንብ እስኪተኩስ ድረስ ነው። የምትበዪውን ያህል ብቻ ቀንሰሽ አሙቂ፤ ሙሉውን ደጋግመሽ አታሙቂው።